ሳልቆርጠው ያለፍኩት ቅጠል

አያቴ «እንዲህ አጠፈችው» ብለው መዳፋቸውን በፍሙ ብርሃን ሲያጥፉ፣ ሁላችንም የየራሳችንን መዳፍ አጠፍን። ልጅ ሳለሁ፣ ከሚዛን ከተማ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን፣ ያቺን የእንቁራሪት ተረት ስንቴ እንደሰማኋት አላውቅም። ከምድጃው በላይ የተሰቀለው ኮረሪማ ጭስ ይጠጣል፣ እኛ ዓይናችንን እናሻለን፣ እሳቸው ይተርታሉ። ትንሿ የዛፍ እንቁራሪት ልጆቼን የት ላሳድራቸው ብላ ዝናብን ጠየቀችው፤ ዝናብም ከውሃ በላይ የተንጠለጠለ ቅጠል አጥፈሽ እንቁላልሽን ውስጡ ለጥፊ፣ ሲፈለፈሉ ራሳቸው ውሃው ውስጥ ይወድቃሉ አላት። ያንን ቅጠል የቆረጠ ሰው ምንጩ ይደርቅበታል ብለው ይጨርሳሉ። ታናሽ እህቴ ሁልጊዜ፣ አይታፈኑም ወይ ትላለች፤ አያቴም፣ አንቺ ጋቢ ውስጥ ትታፈኛለሽ ወይ ይሏታል።

ከፍ ስል ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ፣ ሥራ ሳጣ ገበያ ለገበያ እዞር ነበር። አያቴ ቀፎ ሊሰቅሉ ጫካ በገቡበት ሳምንት አጎቴ ገጀራና መጥረቢያ ሰጠኝና፣ ከቤታችን በታች ያለውን ረግረግ ለባሕር ዛፍ መንጥር አለኝ። አያቴ ለእንቁራሪቶቹና ለምንጫችን ብለው ዕድሜያቸውን ሙሉ ማንንም ያላስነኩት ቦታ ነው። ይህን ስነግረው ሳቀብኝ።

«እንቁራሪት ቤት አትሠራልህም፣ አንተ» አለኝ።

እምቢ ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም። ብልጥ ነኝ ብዬ ግን መላ ዘየድኩ። ውሃው ዳር እየተንበረከክሁ የታጠፉትን ቅጠሎች አንድ በአንድ ፈለግሁና ሳልነካቸው አለፍኩ። ሌላውን ሁሉ፣ ከላይ ያጠሉትን ዛፎች ጭምር፣ ጣልኩት።

አያቴ ከጫካ ሲመለሱ ዱላ ጠብቄ ነበር። ወደ ረግረጉ ወሰድኳቸውና፣ ይኸው፣ አንድም አልቆረጥኩም አልኳቸው። ጎንበስ ብለው አንዱን ቅጠል በአውራ ጣታቸው ገለጡት። ፀሐይ አድርቆታል፤ እንቁላሎቹ እንደ አሮጌ ሙጫ ተሰነጣጥቀዋል። ሌላውንም ገለጡ፣ ያው ነው። ሦስተኛውን አልገለጡም።

ምንም አልተሰማኝም። ዛሬም ቴፒ መናኸሪያ ተሳፋሪ ስጠራ ውዬ ሲመሽ ትዝ ይለኛል፣ ምንም አይሰማኝም፤ ከዚያ ሁሉ ተረት የቀረኝ ያን ቀን አያቴ እዚያው ቆመው የተናገሩት ብቻ ነው። አልተቆጡም፣ ፊታቸውንም አላዞሩብኝም።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «ዛፉን ተረቱ ውስጥ አላስገባሁትም።»