ቱቦዋን የያዙ ጣቶች

የነርሷ ሁለት ጣቶች ከሕፃኑ ከንፈር ጥግ የወጣችውን ቀጭን ቱቦ ቆንጥጠው ይዘዋል፤ በሌላው እጇ ጭንቅላቱን ደግፋለች። ሕፃኑ ጥርስ እንኳ አላበቀለም። ሳንባው ስለደከመ የሚተነፍስለት መሣሪያ ነው። በጀርባው ተኝቶ ኦክስጅኑ አልበቃው ስላለ፣ ትልቁ ሐኪም በሆዱ ይተኛ ብለዋል። ሲገላበጥ ያቺ ቱቦ ካመለጠች ግን ነፍሱም አብራት ልታመልጥ ትችላለች።

ነርሷን የሥራ ጓደኞቿ «እትዬ ቀስበሉ» ይሏታል፤ ቃሉ ከአፏ አይጠፋም። ቤቷም ልጆቿ ሲያንኮራፉ እንቅልፍ የላትም፤ ዝም ሲሉም የላትም።

«እኔ ሳልል ማንም እንዳያንቀሳቅሰው» አለች።

«መተንፈስስ ይፈቀድልናል?» አለ የሕፃኑን ወገብ የያዘው ወጣት ሐኪም።

«አንተ ትደርሳለህ፤ መጀመሪያ እሱ ይተንፍስ።»

እናቱ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ቆማለች። «እህቴ፣ በሆዱ አይታፈንም?»

«አይዞሽ የኔ እናት። በጀርባው በኩል የተጨፈለቀው ሳንባ እንዲከፈትለት ነው። እዚህ ዓይናችንን አንነቅልም፤ ቤት ግን እንዳትሞክሪው። በሉ፣ ቀስ!»

ገለበጡት። ወዲያው መሣሪያው ጮኸ፤ የኦክስጅኑ ቁጥር ቁልቁል ወረደ።

«እንመልሰው!» አለ ወጣቱ።

አጠገባቸው የቆሙት ትልቁ ሐኪም ጀርባውን አዳመጡ። «ቱቦው ከቦታው ነው። አክታ ዘግቶት ነው፤ ምጠጪለት።»

ነርሷ ቱቦዋን ሳትለቅ፣ በሌላው እጇ ቀጭን መምጠጫ በውስጧ ሰደደች። መምጠጫዋ ወፍራም አክታ እየጎተተች ወጣች። ሁሉም ማሳያው ላይ አፈጠጠ። ቁጥሩ መጀመሪያ መውረዱን ተወ፤ ከዚያ ዳገት እንደሚወጣ ሽማግሌ እያረፈ ወጣ። ነርሷ ያኔ ብቻ ጣቶቿን ፈታች፤ ደንዝዘው ነበር።

እናቲቱ ቀርባ የልጇን ተረከዝ ያዘች። «በርዶት ነው ብዬ በብርድ ልብስ ጠቅልዬው ነበር። ፊቱን እንጂ ደረቱን አላየሁም። እዚህ ልብሱን ሲያወልቁለት ነው ጎድኑ ሲሰረጉድ ያየሁት።»

ነርሷ አልወቀሰቻትም። «ገና ነው፤ ግን ዛሬ አልተሸነፈም» አለቻት።

«እንግዲያው ደረቱን እንድታይ ለሌላ እናት ንገሪልኝ።»

«እነግርልሻለሁ።»

ይህን የጻፍኩት እኔም የእናቲቱን ቃል ላድርስ። ልጅ ሲያስለው፣ ትንፋሹ ሲፈጥን፣ እባካችሁ ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ ደረቱን እዩለት። ሲተነፍስ ከጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ «ይንጋና እናያለን» አትበሉ። እንደታቀፋችሁት ወደ ሐኪም ሩጡ፤ አደራ።