በሁዳዴ አጥንት የተሸከመው ስካውት

ደርበው በሳንቃ በር የፓርክ ጠባቂ፣ ስካውት ሆኖ ሃያ ሁለት ዓመት አገልግሏል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ጠመንጃውን በሰው ላይ አላነሣም፤ ጾምም ገድፎ አያውቅም። ዘንድሮ ግን በሁዳዴ ሦስተኛ ሳምንት የሚካኤል ማኅበርተኞች «ሥጋ በልቷል» ብለው ከጽዋው አገዱት። ከሚስቱ ከስጦታ ሞት ወዲህ ከዚያ ማኅበር ሌላ የሚቀመጥበት ቦታ አልነበረውም።

ከሳሹ የስጦታ ወንድም ፀጋው ነው። በበቅሎው የቱሪስት ጓዝ አድርሶ ሲመለስ፣ ደርበው ከካምፑ ማብሰያ ቤት ጀርባ የበግ አጥንት በማዳበሪያ ከረጢት ሲያጭቅ አገኘው። ማኅበሩ ፊት ቆሞ «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» አለ። ስጦታ ኅዳር ላይ ሞታለች፤ ደርበው ብቻውን ነው የሚኖረው፤ ቤቱ ውስጥ ምን ቀምሶ እንደሚያድር የሚመሰክርለት የለም።

«አጥንቱ ለአሞራ ነው» ቢላቸው ሳቁበት።

«ቢላዋውንስ ማን ይስልለታል?» አለው አንዱ።

በመጨረሻ የነፍስ አባቱ ቄስ ወልደ ሩፋኤል «እንግዲያው ሄደን እንይ» አሉ። ማክሰኞ ጠዋት ሦስቱም ከሳንቃ በር ተነሡ፤ ደርበው ከፊት፣ ቄሱ በመቋሚያቸው እየተደገፉ መሐል፣ ፀጋው ከኋላ። መንገዱ የገደሉን አፋፍ ይዞ ይሄዳል። ጓሳ ሣሩ ላይ ያደረው አመዳይ ገና አልቀለጠም።

«አባ፣ ከአፋፉ ፈቀቅ ይበሉ። ይሄ ሰው ምስክር አይወድም» አለ ፀጋው።

«አንተን ለመግፋት ማን ይደክማል» አለ ደርበው፣ ዞር ሳይል።

«አፋችሁም ይጹም!» አሉ ቄሱ።

ሌላ ጊዜ መንደሩ ያርዳል፤ አጥንት ሜዳ ላይ ይጣላል፤ አጥንት ሰባሪው አሞራ ከዚያ እየለቀመ ልጁን ያሳድጋል። በሁዳዴ ግን ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ የሚያርድ የለም። የዛሬ ሁለት ዓመት ጫጩቱ ጾሙ ሳይጋመስ ሞተ፤ ደርበው ቀኑን በማስታወሻው ጻፈ፤ መጋቢት 12። ፈረንጆቹ ያተረፉትን አጥንት ወደ ገደሉ መሸከም የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ይህን ሁሉ ለማኅበሩ ተናግሯል። የሰማው አልነበረም።

ከአስታው ቁጥቋጦ ጀርባ ሲደርሱ በሆዳቸው እንዲተኙ ነገራቸው። ቄሱ ጋቢያቸውን አንጥፈው ተኙ። የአሞራው ጎጆ ከሸለቆው ማዶ፣ ቋጥኙ እርከን ላይ ነው፤ ጭራሮ፣ የበግ ጸጉርና አሮጌ ጨርቅ የተከመረበት። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቁ።

«የታለ ታዲያ ጦመኛው አሞራህ?» ብሎ ፀጋው ብድግ አለ። ደርበው ጋቢውን ጨምድዶ ወደ መሬት ጎተተው፤ የፀጋው አገጭ ከድንጋይ ተጋጨ። ሊማቱ ሲሉ ቄሱ በመቋሚያቸው መሐላቸው ገቡ።

አሞራዋ ያኔ መጣች። በጥፍሯ የበግ ቅልጥም ይዛለች። ከጠፍጣፋው አለት በላይ ከፍ ብላ ለቀቀችው፤ አጥንቱ ነጥሮ አልተሰበረም። አነሣችው፤ ደግማ ጣለችው። በሦስተኛው ሲሰነጠቅ ድምፁ እነሱ ድረስ ተሰማ። ስባሪውን ለጫጩቱ ወሰደችለት፤ እሱም አንገቱን እየሰገገ እንዳለ ዋጠው።

«አጥንቱን!» አሉ ቄሱ አማትበው። «ሳይግጠው!»

ፀጋው ከአገጩ ደሙን ጠረገ። ከዚያ ጮኸ።

«እህቴ ስታጣጥር የት ነበርህ? እዚህ! ተጋድመህ የአሞራ ልጅ ስትጠብቅ!»

አሞራዋ ደንግጣ ከጎጆው ተነሣች። ደርበው በዚያ ሳምንት ተረኛ ነበር፤ ኔትወርክ አልነበረም፤ መልእክቱ የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነው። ይህን በተዝካሯም ተናግሯል።

ቄሱ አቧራቸውን አራገፉ። «ልጄ፣ ሥጋ እንዳልበላህ አምኛለሁ። ግን ሰው ተሰናክሏል። ለሰባት ቀን አርባ አርባ ስገድ፤ እኔም ንስሐ ገብቷል ብዬ ነገሩን እዘጋዋለሁ።»

«ስላልበላሁት ሥጋ አልሰግድም፣ አባ። ስለ ስጦታ ስገድ ይበሉኝና እስከ ፋሲካ እሰግዳለሁ።»

«ስሟን አትጥራ!» አለ ፀጋው። ወደ ቄሱም ዞሮ፣ «እሱ ከገባ እኔ እወጣለሁ። ግማሹም ተከትሎኝ ይወጣል» አለ።

ቄሱ ግን ደርበውን «የሚካኤል ዕለት ቦታህ ይጠብቅሃል» አሉት።

«እሱ ይቀመጥበት። ሙት ዓመቷን የሚያወጣላት ማኅበሩ ነው፤ በኛ ጠብ አይፍረስባት። እኔ አልመጣም።»

ፀጋው ጓሳው ላይ ምራቁን ተፋና ቁልቁለቱን ተያያዘው። ቄሱ የደርበውን ግንባር በመስቀላቸው ባርከው ፀጋውን ተከተሉት።

ደርበው ተመልሶ በሆዱ ተኛ። ሁለት ቁራዎች ወደ ጎጆው ሲጠጉ ድንጋይ ቢወረውር ማዶ አይደርስም፤ ቢጮህ እናቲቱን ያርቃታል። ጫጩቱ ክንፉን ዘርግቶ አፉን ከፈተባቸው። እናቲቱ ቁራዎቹን በትና ጎጆው ላይ ያረፈችው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ደርበው ሰዓቱን ጻፈ፤ «በሰው ጩኸት ሸሽታ ነበር» ብሎም ጨመረ። የጮኸውን ሰው ስም አልጻፈም።