ስኳር የጠቀለልሁባት እናቴ

ትናንት ጣና ዳር ካለ ሆቴል የጠረጴዛ ልብስ ላስረክብ ገብቼ፣ ኮሪደሩ ላይ በመስታወት የተሰቀለ ያረጀ የሥዕል ዐውደ ርእይ ፖስተር ባይ ሸክሜን እግሬ ሥር ጣልሁት። ጥልፍ ቀሚስ የለበሰች፣ ድሪ ያጠለቀች፣ ሹሩባ የተሠራች ሴት፤ ከሥሯ «የጎጃም ሴት የባህል ልብስ» ይላል። እናቴ ናት።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ከሱቃችን ጀርባ ነበርና የበርበሬውና የላምባው ሽታ አብሮን ነበር የሚያድር። አንድ የሥዕል መምህር ስኳር ሊገዛ መጥቶ እናቴን አያትና፣ አባቴን አስፈቅዶ ደጃችን ላይ ሦስት ቀን አስቀምጦ ሣላት። ቀሚሱ የጎረቤታችን የእትየ ጥሩ ነበር፣ ድሪው የክርስትና እናቴ፤ የራሷ ፊቷ ብቻ ነበር። አባቴ ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ «ስትዳሪ እንኳ እንዲህ አልለበስሽም» ቢላት፣ ሥዕሉ እንዳይበላሽ ከንፈሯን ሳታላውስ «መች አለበስኸኝ» አለችው።

ዐውደ ርእዩ ሲያልቅ መምህሩ ሥዕሏ የታተመባቸውን የተረፉ ፖስተሮች ለምስጋና ብሎ በእቅፉ አመጣልን። ወፍራም ወረቀት ነው፤ ነጋዴ ቤት ደግሞ ወፍራም ወረቀት ግድግዳ ላይ አይውልም። ቀለሙ ስኳሩን እንዳይነካ ሥዕሉን ወደ ውጭ አድርገን እንጠቀልልበት ጀመር። የአባቴ እጥፋት ከቀኝ ይነሣል፤ እኔ ግራኝ ነኝና የእኔ ከግራ፤ «የሰይጣን እጥፋት» ይለው ነበር። እናቴ በገበያተኛ እጅ ስትወጣ እያየች ትስቃለች፦ «የዓባይን ድልድይ ተሻግሬ የማላውቀው ሴት፣ ይኸው በስኳር ተሞልቼ ሐሙሲት ገባሁ!» አንድ ቀን ግን ሳትስቅ «አንዱን አስቀሪልኝ» አለችኝ። እሺ አልኋት። በመጨረሻው ግን ከጢስ ዓባይ ለመጣች ሴትዮ ስኳር ጠቀለልሁበት፤ ደንበኛ ቆሞ እናት ትቆያለች ብዬ።

እናት አልቆየችም። በዚያው ዓመት ታማ ሞተች። ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶ ይያዛልና አልቃሿ «ፎቶዋስ?» አለች። ፎቶ ተነሥታ አታውቅም። አባቴ ስኳር የሸጠለትን ሰው ሁሉ ደጅ እያንኳኳ ጠየቀ፤ ወረቀቱ ምድጃ ገብቷል። በፎቶ ፈንታ ክርኑ የተጣፈ የሥራ ቀሚሷ ተይዞ ሙሾው ወጣ።

ወደ መስታወቱ ተጠጋሁ። ከግንባሯ ጉንጯ ድረስ የወረቀቱ እጥፋት ወርዷል፤ ከግራ።

«ወደዱት እትየ?» አለችኝ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ። «ቀሚሱ ሲያምር!»

«ቀሚሱስ የሰው ነው» አልኋት። «ትሸጡታላችሁ?»

«ኧረ አይሸጥም! የቤቱ ጌጥ ነው። ያ መስመር ባይኖርበትማ…»

አይሸጥም ያለኝን ሁሉ አስሽጬ ነው እዚህ የደረስሁት፤ ትናንት ግን ዋጋ እንኳ አልጠራሁም። የጠረጴዛ ልብሱን አስረክቤ ወጣሁ።

አንዱን አስቀሪልኝ ብላኝ ነበር። ቀርቷል፤ ለእኛ አይደለም እንጂ።