እሾህ ለባሽ

ሮሆቦት ዲላ ላይ በቆርቆሮ የተተከለ ቁልቋል መሸጥ ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ሆናት፤ «ቁልቋል» ብላ ግን አታውቅም። የባሏ አባት ሟቹ አቶ ቁፋ ነበራ! በባሏ ወገን ደንብ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ በስሙ መነሻ የሚጀምር ቃልም ከአፏ አይወጣም። ስለዚህ ቁርስ «የጧት ምግብ» ሆነ፣ ቁልፍ «መክፈቻ» ሆነ። ጎረቤቱ ደንቡን ከተወው ሰንብቷል። የባሏ እናት ግን ከጀርባዋ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጆሯቸውን ቀስረው ይውላሉ፤ አንድ ቀን ከሳተች ከቤታቸው ሊያስወጧት በሽማግሌ ፊት ምለዋል። እንዲህ ያለ ጆሮ ለበጎ ቢውል ስንት ሌባ በተያዘ! ባሏ ቦና እንደሆነ በእናቱ ፊት ትንፍሽ አይልም።

ስም የሌለውን ዕቃ ማን ይገዛል? ነጭ ለባሽ ካለ እሾህ ለባሽ ለምን አይኖርም ብላ «እሾህ ለባሽ» አለችው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ወደዱት። «እሾህ ለባሽ አለሽ?» እያሉ ከነቆርቆሮው ይወስዱ ጀመር፤ ስሙ ፍስሐ ገነት ከተማ ድረስ ዘለቀ። ቤቱም ቦታውም የባሏ እናት ንብረት ነው። ሮሆቦት የራሷ የምትለው ይኸው አንድ ቃል ብቻ ነው።

ባለፈው ሰኞ ሙሉዓለም የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር ደብተር ይዞ መጣ። የዕፅዋትን ስም ከነአመጣጡ ይሰበስባል።

«እሾህ ለባሽ ብሎ የሰየመው ማነው?» ሲል ጠየቀ።

ሮሆቦት አፏን ሳትከፍት አሮጊቷ ቀደሟት። «ባለቤቴ ናቸው ያወጡለት፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ጻፍ፣ ልጄ።»

መምህሩ ሊጽፍ አቀረቀረ። የሮሆቦት ደም ፈላ። ዘጠኝ ዓመት ምላሷን ነክሳ የኖረችው ለዚህ ኖሯል?

«ውሸት ነው!» አለች። «ስሙ ቁልቋል ነው። ቁልቋል! እሾህ ለባሽ ያልኩት እኔ ነኝ፣ የአቶ ቁፋን ስም እንዳልነካ ብዬ። ቁፋ! ሰሙኝ፣ እማማ? ቁፋ!»

አሮጊቷ ከበርጩማው ተነሱ። «ውጪልኝ! ዛሬውኑ ከቤቴ ውጪልኝ!»

«እወጣለሁ» አለች ሮሆቦት። ከመምህሩ ፊት ግን ንቅንቅ አላለችም። «መምህር፣ እርስዎ መጀመሪያ ስሜን ይጻፉልኝ። ሮሆቦት።»

ጻፈ። ፊደሎቹን በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ አራቱም ትክክል ነበሩ። ከዚያ ልብሷን ልትሰበስብ ገባች።