የጋሽ ባትሪ መሳቢያ

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ባትሪ» ይላቸዋል። ስሙን ያወጣላቸው ጎረቤታቸው ጫማ ሰፊው ነው። ከሆስፒታል ወጥተው ሱቃቸውን የከፈቱ ዕለት «እንኳን ደህና መጡ! እንግዲህ ቻርጅ የሚያልቅብን እኛ ነን» ብሎ ሰውን አሳቀ፤ ስሙም እዚያው ተጣበቀ። ግራ ደረታቸው ላይ፣ ከትከሻቸው ዝቅ ብሎ፣ ከቆዳቸው ስር ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ፔስሜከር ገብታላቸዋለች። ልባቸው መምታት ሲረሳ እሷ ታስታውሰዋለች።

በስሙ አልተቀየሙም፤ እንዲያውም ወደዱት። የሚያናድዳቸው ሌላ ነገር ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ወንበራቸው ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ አንገቱን ስልኩ ላይ ይደፋል። «ቀና በል ልጄ» ሲሉት ቀና ይልና ወዲያው ተመልሶ ይደፋል። ሙያውን ከአጎታቸው ሲማሩ ፀጉር ቤት ማለት የሰፈር ወሬ የሚቦካበት ቤት ነበር። አሁን የሚያወራው ቶንዶሱ ብቻ ነው። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ደግሞ ማታ ቤት የሚጠብቃቸው ሬዲዮ ነው። እና ቀን ጨዋታ ካላገኙ መቼ ሊያገኙ ነው?

ከሆስፒታል ሲወጡ ነርሷ በደንብ አስረድታቸዋለች። ስልክ በደረት ኪስ አይያዝ፤ ሲያወሩ በቀኝ ጆሮ ይሁን፤ ከመሣሪያዋ አንድ ስንዝር ይራቅ። ማግኔት ያለበት ነገር በጣም ከተጠጋት ሥራዋን ለጊዜው ሊያዛባባት ይችላል፤ ዞር ሲል ግን ትመለሳለች። ቶንዶሱንም እየሠራ ደረታቸው ላይ አያስደግፉት እንጂ ሥራቸውን መሥራት ይችላሉ። «የሌላ ሰው ስልክስ?» ብለው ጠየቋት።

«የሰው ስልክ ምን አገባዎት?» ብላ ሳቀች።

ሱቃቸው ሲመለሱ ግን ነገሩ ከአፋቸው ሌላ ሆኖ ወጣ። አንድ ጎረምሳ እየተስተካከለ ቪዲዮ ከፍቶ በሳቅ ሲንፈራፈር ምላጩ ጆሮውን ለጥቂት ሳተው። ጋሽ ባትሪ በንዴት ደረታቸውን ያዝ አድርገው «አጥፋው! ልቤን ሊያቆምብኝ ነው» አሉ። ጎረምሳው በድንጋጤ ስልኩን ሊጥለው ደረሰ። የተቀመጡትም አንድ በአንድ ስልካቸውን አጠፉ። ያን ቀን ጨዋታው እንዴት እንደደራ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ በማግሥቱ መስታወቱ ስር ያለችው መሳቢያ ባዶ ተደረገች፤ የገባ ሁሉ ስልኩን አጥፍቶ እዚያ ይከታል። «ሞተር ያለው ቶንዶስ ቀኑን ሙሉ እጅዎ ላይ ሲያጉረመርም እየዋለ የእኔ ስልክ እንዴት ነው የሚጎዳዎት?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልተገኘም። የልብ ነገር ሲነሣ ሰው አይከራከርም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ከረመ፣ አማቻቸው ፀጉሩን ሊስተካከል እስከመጣባት ቀን ድረስ።

አማቻቸው፣ የአንዲቷ ልጃቸው ባል፣ ሾፌር ነው። የሚነዳው መኪና ከተሸጠ ጀምሮ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል፤ ሚስቱ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። ስንት ደጅ ከጠና በኋላ አንድ ትምህርት ቤት ለሰርቪስ ሾፌርነት ከሰዓት በኋላ ለቃለ መጠይቅ ቀጠረው። በቀጠሮው ዕለት ጠዋት ሱቃቸው ከች አለ።

«አባባ፣ እስቲ ሰው ያስመስሉኝ።»

«ይሄ ጠጉር እኮ ሥራ ሲፈታ ነው ያበደው» አሉ። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ሳቁ።

አማቻቸው ስልኩን እንደያዘ ትንሽ ቆመ። «አባባ፣ ዛሬ እንኳን…» ብሎ ጀመረ።

ጋሽ ባትሪ በአገጫቸው ወደ መሳቢያዋ አመለከቱ። ሰው ሁሉ እያያቸው ነው፤ ለአማች ሲሆን ልቤ ደህና ነው ሊሉ ነው? ልጁ ሰዎቹን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ስልኩን አጠፋና ከተተው።

ያን ጠዋት እጃቸውም ምላሳቸውም ተፍታቶ ነበር። ማጅራቱን ደጋግመው አስተካከሉ፤ ጢሙን በሙቅ ፎጣ አለሰለሱ፤ በወጣትነታቸው የአንድ ሙሽራ ግማሽ ጢም ላይ መብራት የጠፋባቸውን ታሪክ እያጣፈጡ ተረኩ። ትምህርት ቤቱ የደወለው ያኔ ነው። ኃላፊው ድንገት መንገድ ስለገጠመው «አሁኑኑ ድረስ» ሊሉት ፈልገው ነበር። ደጋግመው ቢደውሉ ስልኩ ዝግ ነው። ተከታዩን ሰው ጠርተው ሥራውን ለእሱ ሰጡት።

ጋሽ ባትሪ ይህን የሰሙት እሑድ፣ ልጃቸው ቤት ምሳ ላይ ነው።

«አባዬ፣ ይሄን ሰውዬ ምከርልኝ» አለች ልጃቸው፣ ባሏን በዓይኗ እየጎነጠች። «ሲደውሉለት፣ ሲደውሉለት ስልኩ ዝግ! ምነው ስለው ቻርጅ ማድረግ ረስቼ ነው ይለኛል። ሥራ የሚፈልግ ሰው ይረሳል? ያውም ልጅ ሊወለድበት!»

ማንኪያቸው አየር ላይ ቀረ። አማቻቸውን አዩት። እሱ ሳህኑን እያየ «እውነቷን ነው፣ የራሴ ዝርክርክነት ነው» አለ።

ለማን ብሎ እንደዋሸ ወዲያው ገባቸው። ልጅ አባቷን እንዳትቀየም ነው። ሆድ ይፍጀው ብለው ሊያልፉት አሰቡ፤ ማን ያውቅባቸዋል? ልጃቸው ግን አላቆመችም። «እኔማ ሰው መስሎኝ ነው ያገባሁት» አለች። ባሏ ይህንንም ዋጠው። ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ዓይንን በጨው አጥቦ ምሳን መጨረስ ይቻላል፤ የሚችልበት ሞልቷል። እሳቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን የሰው ፊት በመስታወት ሲያዩ ኖረው፣ የዚያን ልጅ ፊት ቀና ብለው ማየት አቃታቸው።

«ተይው» አሉ። «ስልኩ የተዘጋው እኔ ጋ ነው። እኔ ነኝ ያዘጋሁት።»

የልጃቸው ቁጣ ባንዴ በረደ። «ውይ አባዬ! ታዲያ አንተ ምን ታደርግ? ለልብህ ብለህ አይደል?»

ስድብ ብትሰድባቸው ይሻላቸው ነበር።

«ለልቤ አይደለም» አሉ። «የሰው ስልክ ምንም አያደርገኝም። ስንዝር ከራቀ ይበቃል፣ ገና ስወጣ ነግረውኛል። ሰው እንዲያወራኝ ብዬ ነው የዋሸሁት።»

ልጃቸው አፏን በእጇ ያዘች። እሳቸው በመጡ ቁጥር ስልኳን አጥፍታ ጎረቤት ስታስቀምጥ የከረመች ናት። ጋሽ ባትሪ ወደ አማቻቸው ዞሩ። «ይቅር በለኝ ልጄ። አንተ ይህን ብታውቅ ኖሮ…»

«አውቅ ነበር እኮ አባባ» አለ ቀስ ብሎ። «ነርሷ ስትነግርዎት ጫማዎን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አጠፋኸው?»

«ሰው ነበራ» አለ ልጁ። «ሰው ፊት ውሸታም ላድርግዎት?»