ልጅቷ አላረገዘችም

እናቲቱን ሰፈሩ «ክብሪት» ይላታል። ቀጭን ናት፤ ከነኳት ደግሞ ትነድዳለች። በገበያው ጥግ ባለች አንዲት ክፍል የተማሪ ደንብ ልብስ ትሰፋለች። የልጇን ሆድ ማበጥ መጀመሪያ የነገራትም ራሷ ለክታ የሰፋችው ቀሚስ ነው፤ ወገቡ አልዘጋ አለ። ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ፊቷ እየከሳ ሆዷ ብቻ ይገፋል።

«እማ፣ ትንሽ ስቀምስ ሆዴ ጢም ይላል። ጎኔንም ይወጋኛል» አለቻት።

ክሊኒክ ወሰደቻት። ሐኪሙ ሰፈሩ የሚያከብረው ሰው ነው። ልጅቷን አስተኝቶ ሆዷን በሁለት ጣቱ ጫን ጫን አደረገና ወደ እናቲቱ ዞረ።

«ልጅሽ ነፍሰ ጡር ናት።»

ልጅቷን አንዲት ነገር አልጠየቃትም። ክብሪት አልቀበልም ብላ ስትጮህ ሽንቷ ተመረመረ። እርግዝና የለም።

«አንዳንዴ ይሳሳታል፤ ሌላ ቀን መልሺያት» አለ ሐኪሙ።

«ምርመራው ተሳስቶ የእርስዎ ጣት ልክ ሆነ?»

«ሴትዮ፣ እኔ ስንቱን አይቻለሁ!» አለና ቀጣዩን ታካሚ አስጠራ።

ወሬው ቀድሟቸው ሰፈር ገባ። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት «ሌሎቹን እንዳታበላሽብን ቤቷ ትቆይ» አለች። ታክሲ ነጂው አባቷም ማታ ገብቶ ከፊቷ ቆመ።

«ማን ነው? ስሙን ብቻ ንገሪኝ።»

«አባዬ፣ ማንም የለም።»

«ታዲያ ሆድሽ በምን ተነፋ? በንፋስ?»

«ልጄ የለም ካለች የለም!» አለች ክብሪት በመሀል ገብታ። «በምን እንደተነፋ ማወቅ የነበረበት ሐኪም ነኝ ባዩ ነው!»

አባትየው ከዚያ ወዲህ ልጁን ሰላም ማለት ተወ።

አንድ ጠዋት ልጅቷ ሆዷን ይዛ እጥፍ አለች፤ ትውከቱም አላቆም አላት። ክብሪት ደግፋ የሕፃናት ሆስፒታል አደረሰቻት። ቀዶ ሐኪሟ ወንበር ስባ ልጅቷ አጠገብ ተቀመጠች። መቼ ጀመረሽ? የቱ ጋ ነው? የወር አበባሽ ይመጣል? ልጅቷ ስለ ራሷ ሆድ ስትናገር የሰማት ባዳ ይቺ የመጀመሪያዋ ናት። ከዚያ አልትራሳውንድ ተነሳች። የማሽኑ መስኮት ላይ የታየው ፅንስ ሳይሆን ውሃ ያዘለ ትልቅ ከረጢት ነው።

«ከእንቁላል ማመንጫዋ የተነሳ እጢ ነው» አለች ሐኪሟ። «በዚህ ዕድሜ እንዲህ ሲተልቅ እምብዛም አናይም። አሁን ደግሞ ተጠማዝዟል፤ የሚያሳምማት እሱ ነው። ዛሬውኑ መውጣት አለበት።»

ክብሪት ለቀዶ ሕክምናው ፈረመች። እጢው በሰላም ወጣ፤ ክፉ ዓይነትም አልነበረም።

አባትየው ብርቱካን ይዞ መጣ። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ልጄ…» አለ።

«ስሙን ልንገርህ?» አለችው ሳትዞር። «እጢ ይባላል።»

ልጅቷ ከሆስፒታል እንደወጣች ክብሪት ክሊኒኩ ሄደች። ሐኪሙን ወረፋ በሚጠብቀው ሰው መሀል አገኘችው። እርስዎ ማለቱን ትታለች።

«አንተ! አረገዘች ያልካት ልጅ ሆዷ ውስጥ እጢ ነበር!»

«እንዲህ ያለው ብርቅ ነው። ማንም ሊስት ይችላል።»

«መሳቱንስ ሳት። ምርመራው የለም ሲልህ ምን አደነቆረህ? አላውቅም ማለት ምላስ ይቆርጣል?»

ሐኪሙ ዘበኛውን ጠራ። ዘበኛው መጥቶ አጠገቧ ቆመ እንጂ አልነካትም። ከወረፋው አንዲት እናት ልጇን አንስታ ወጣች።

ርዕሰ መምህርቷ «አሁን መመለስ ትችላለች» ብላ ላከች። ክብሪት «መጀመሪያ በተማሪዎቹ ፊት ይቅርታ ጠይቂያት» አለች። ርዕሰ መምህርቷ እንቢ ስትል ልጇን ሌላ ትምህርት ቤት አስገባች፤ የቀድሞውን ትምህርት ቤት ልብስም ዳግም አልሰፋችም።

ጎረቤቶች «ልጅሽ ድናለች፤ አንቺም እርሺው» ይሏታል።

«የዳነው ሆዷ ነው» ትላቸዋለች፤ መርፌዋን ከጨርቁ ሳታነሳ።

ጠዋት ጠዋት አባቷ አዲሱ ትምህርት ቤት ያደርሳታል። የታክሲውን የፊት በር ከፍቶ ይጠብቃታል፤ እሷ ከኋላ ትገባለች።