የውሃ ተራ የዋለበት ሐሙስ

ባለቤቴ ካረፈ አራተኛ ወሩ ነበር። ነገሌ ውስጥ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ከገጠር መጥተው፣ ቤት ተከራይተው የሚማሩ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆችን ከሰዓት በኋላ ሳሎናችን ውስጥ ያስጠና ነበር። ከሞተም በኋላ ልጆቹ መምጣታቸውን አልተዉም። እኔ የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ሒሳብ አላውቅም። የእሱን ደብተር ከፍቼ ጥያቄውን አነብላቸዋለሁ፣ እነሱ ይከራከሩበታል።

ከሁሉም ጎበዟ ልጅ ለፈተና በሚሄዱበት ሳምንት መጣች። «እትዬ፣ ሐሙስ የከብቶቻችን የውሃ ተራ ነው። ወንድሞቼ ከግመሎቹ ጋር ርቀዋል፣ አባቴን ትከሻውን አሞታል። ልሂድ?»

ፈተናው የሚሰጠው ቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ አውቶቡሱም አርብ ይነሳል ተብሎ ነበር። «ሂጂ፣ በዚያው ቀን ግን ተመለሺ» አልኳት። አባቷ ለትምህርት የፈቀደላት ይህንን ዓመት ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ጓደኛዋ ደጄ ላይ ቆመች። «ልሰናበትዎት ነው። ሰባት ሰዓት እንነሳለን።»

«ዛሬ?»

«ወደ ዛሬ መዞሩ ከትናንት ወዲያ ተለጥፏል እኮ!»

ባለቤቴ የትምህርት ቤቱን ማስታወቂያ ሰሌዳ ሳያይ አይውልም ነበር። እኔ በትምህርት ቤቱ በር ማለፍ ስለከበደኝ በሌላ መንገድ ነበር የምመላለሰው። 

«ሻንጣዋንና የፈተና ካርዷን እኔ እይዝላታለሁ» አለች ጓደኛዋ። «አንቱ ብቻ ያምጧት።»

አንድ ሞተረኛ ተኮናትሬ ወደ ውሃ ጉድጓዱ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ሰዓቴን እንጂ ሌላ ነገር ያየሁ አይመስለኝም።

ተማሪዬ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ፣ ከታች ሰዎች እየተቀባበሉ የሚያወጡትን ባልዲ ተቀብላ ገንዳው ውስጥ ትገለብጣለች። ተራ የሚያስከብሩት ሽማግሌ አጠገቧ ናቸው። «አካም?» «ናጋ» ብለን በኦሮምኛ ሰላም ተባብለን የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«አንድ ሰው ከጎደለ ባልዲው ይቆማል» አሉ። «ከብቶቹ ሦስት ቀን አልጠጡም። ነገ ደግሞ የሌላ ሰው ተራ ነው።»

አባቷ የታመመ ትከሻውን ይዞ ወዲያ ቆሟል።

«እኔ እቆማለሁ» አልኩ።

ከጉድጓዱ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ። «ያቺ የከተማ ሴት? ባልዲው ይዟት እንዳይመጣብን!»

ሽማግሌው ግን አልሳቁም። «የአስተማሪው ሚስት አይደሉ? ይቁሙ። ጫማዎን ግን ያውልቁ፤ እዚህ በጫማ አይቆምም።»

ልጅቷ እንደ እናቷ ጠርታኝ «አዴ፣ እንዴት...» ብላ ጀመረች።

«ሂጂ አልኩሽ!» ጮህኩባት።

ተማሪዬን የጫነው ሞተር ከዓይኔ ሲጠፋ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ባልዲ እቀበላለሁ፣ እገለብጣለሁ። ግማሹ ጥቁር ልብሴ ላይ ይፈሳል። ጎማው ቢተነፍስስ? ሾፌሩ ቀደም ብሎ ቢነሳስ? በእኔ ሐዘን የእሷ ዓመት ሊበላሽ ነው እያልኩ ክንዴ እስኪደነዝዝ ሠራሁ።

ሞተረኛው ሲመለስ ከብቶቹ ገና ጠጥተው አልጨረሱም። ከሩቅ እጁን አወዛወዘ፤ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።

«ደረሰች?»

«አውቶቡሱ ሲወጣ ሞተሬን ፊቱ ገተርኩበት፣ ገባች! የሾፌሩን ስድብ ለልጅ ልጆቼ አወርሰዋለሁ።»

ልቀመጥ ስል ከታች «ምን ይጠብቃሉ? ይቀበሉ እንጂ!» ብለው ጮኹብኝ። ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ።